ስም የለሹ፣ ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ወዲያ

ጥቅምት 12

ለተወደድሽው የእህቴ ልጅ፣ ለለምንዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ እንቅልፍሽ ደህና ነው? እኔ ከቀኝ ጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ከመናገሩ ሌላ ክፉ ጠባይ የለውም። ዕድሜ ይስጥሽ፤ ካለሽበት አገር ብርድም ይሰውርሽ።

በወረቀት የምጽፍልሽ ባለፈው እሑድ በቪዲዮ ስንነጋገር በደረሰብን ነገር የተነሣ ነው። «ጋሼ፣ ለምንድነው...» ብለሽ አፍሽን እንደከፈትሽ ደርቀሽ ቀረሽ። ትቀጥላለች ብዬ ፊት ለፊትሽ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ሻይ አፍልቼ ተመለስኩ፤ አፍሽ እንደተከፈተ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ ስሠራ ብዙ ያላለቀ ዓረፍተ ነገር አይቻለሁ፤ እንዲህ ዓይን ዓይኔን የሚያየኝ ግን ገጥሞኝ አያውቅም።

ኢንተርኔቱ አንድ አፍታ ይመጣል፣ ተመልሶ ይሄዳል። ድርጅቱ ጋ ስደውል «ከኛ በኩል ችግር የለም» ይሉኛል። ከኔም በኩል የለም። እንግዲህ ችግሩ መንገድ ላይ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ከቻልሽ አዲስ ራውተር ላኪልኝ። ቀንድ ያለው ይሁን፤ የጎረቤቴ ባለ አራት ቀንድ ነው፣ ሲኮራበት አያድርስ ነው።

ቤቱ ደህና ነው። የወጥ ቤቱ ግድግዳ ብቻ ከሰሞኑ ማጉረምረም ጀምሯል። ከጀርባችን የተሠራው አዲሱ ሕንፃ ከኛው ጋር ተጣብቆ ነው የቆመው፤ በሩ በሌላኛው መንገድ ስለሆነ ማን እንደሚኖርበት አላውቅም። ግድግዳው ርርር ይልና ያቆማል። ትንሽ ያስብና ደግሞ ርርር ይላል። ማቀዝቀዣ መሰለኝ። ከምሳ በኋላ ጋደም ስል እሱው ያስተኛኛል። በሕልሜም ባቡር ላይ ነኝ፤ የእናትሽ ድምፅ ከሚቀጥለው ፉርጎ ይሰማኛል፤ ተነሥቼ እንዳልሄድ ትኬቴን የያዘው ሌላ ሰው ነው።

ስለ አባትሽ የጠየቅሽኝን በተመለከተ፣ ወረቀቱ አለቀብኝ።

አጎትሽ


ኅዳር 20

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አጎቴ፤

ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ይድረስዎት። ጉልበትዎን ይሳሙልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ እዚህ ፀሐይ ትወጣለች፣ ታየኛለች፣ ሐሳቧን ቀይራ ትመለሳለች።

«ወረቀቱ አለቀብኝ» ያሉበት ወረቀት ከታች በኩል መዳፌን ዘርግቼ የማስቀምጥበት ባዶ ቦታ ነበረው። አስቀምጬ አይቼዋለሁ።

ራውተር አልልክም፤ መጀመሪያ ሕመሙ ይታወቅ። እኔ የምሠራበት መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሩ ሞተ ብሎ የሚጠራኝ ሰው ሁሉ፣ ሄጄ ሳየው ገመዱን በእግሩ የነቀለው እሱ ራሱ ነው። የሚገዛም የሚጫንም ነገር የለም፤ መሣሪያው ከላፕቶፕዎ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ከታች ጥግ ላይ ያለችው ምልክት የዋይፋዩን ስምና ጥንካሬ ብቻ ነው የምታሳይዎት፤ የመጽሐፍ ሽፋን እንደማየት ነው። ውስጡን ለማንበብ የመስኮት ሥዕል ያለበትን ቁልፍና R ን አንድ ላይ ይጫኑ፤ cmd ብለው ይጻፉና ኢንተር ይምቱ። ጥቁር መስኮት ይከፈታል። አይፍሩት፤ ጥቁር ከመሆኑ በቀር ምንም አያደርግም። ከዚያ ይህን ይጻፉበት፦

netsh wlan show networks mode=bssid

እንደተጻፈ ይገልብጡት። እባክዎን አይረሙት።

በአካባቢዎ ያለውን ዋይፋይ ሁሉ አንድ በአንድ ያወጣልዎታል፤ ስሙን፣ በምን ዓይነት መቆለፊያ እንደተቆለፈ፣ ሲግናሉ ከመቶ ስንት እንደሆነ፣ የሚናገርበትን የቻናል ቁጥር፣ የራውተሩንም አድራሻ። አድራሻው ሁለት ሁለት እየሆነ በሁለት ነጥብ የተከፋፈለ የፊደልና የቁጥር ቅልቅል ነው። የማንንም የይለፍ ቃል አያሳይም፣ የማንም ቤት አያስገባም፤ ከመንገድ ላይ ሆኖ የበር ቁጥር እንደማንበብ ያለ ነው። የእርስዎ ቻናል ላይ ማን ተደርቦ እንደሚናገር እናያለን።

አሁን ወደዚያኛው ጥያቄ ልመለስ። ሰኔ ላይ ረጅም ፈቃድ አለኝ። እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ቀኑን ካላሳወቅሁ ለሌላ ሰው ይሰጣል። እማዬ ካረፈች በኋላ አባዬ ቤቱን ከሸጠ ወዲህ የት እንዳለ አይነግረኝም። ሲደውል «ደህና ነኝ፣ ያለሁበት ምቹ ነው» ይላል፤ የት ነው ስለው አየር ጠባይ ያወራል። ልምጣ ስለው «ቆይ፣ ልደላደል» ይለኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ የማይደላደል ሰው ምን ዓይነት አልጋ ላይ ነው የሚተኛው? ጋሼ፣ የአባቴን በር ሳላውቅ አልመጣም። መጥቼ እርስዎ ቤት ቁጭ ብዬ ልፈልገው አልችልም፤ እርስዎም ስሙ ሲነሣ ወረቀት ያልቅብዎታል።

ለምንዬዎ


ታኅሣሥ 18

ለለምንዬ፣ ለጥያቄ እናት፤

እንደምን ከርመሻል? መንገድሽ ይቅና፣ አለቆችሽ ይውደዱሽ፤ ካልወደዱሽም ይፍሩሽ።

ጥቁሩን መስኮት ከፈትኩት። መስመሩን ሳልነካው ገለበጥኩት፤ አናባቢ ያጡትን ቃላት ሳያቸው እጄ ወደ ቀይ እስክሪብቶዬ ሄዶ ነበር፣ መለስኩት። ኢንተር መታሁ።

ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ሰው የት ነበር?

ብቻዬን የምኖር መስሎኝ ነበር እኮ። ስሙ ሁሉ በላቲን ፊደል ነው የተጻፈው፤ ወደኛው መልሼልሻለሁ። አንዱ ራውተሩን «አትለምኑኝ» ብሎታል። ቀጥሎ «ለማንም አይሰጥም» አለ፤ ወንድማማቾች ሳይሆኑ አይቀሩም። «የአራተኛ ፎቅ ንጉሥ» የሚል አለ፤ ሕንፃችን ሦስት ፎቅ ነው። «ዶክተሩ» የሚልም አለ፣ ሲግናሉ ደካማ ነው። አንዱ ላይ የሁለት ሰው ስም በ«እና» ተያይዞ ነበር፤ በሳምንቱ ሳየው ሁለተኛው ስም ወጥቷል፣ «እና»ው ግን ሳይጠፋ ቀርቷል። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ።

አሁን ላፕቶፑን እንደ ፋኖስ ይዤ ከክፍል ክፍል እዞራለሁ። በደረስኩበት ቆሜ መስመሩን እንደገና እጠራዋለሁ። (ወደ ላይ የምታመለክተውን ቀስት ስጫን ራሱ ተመልሶ ይመጣል፤ ይህን ብቻዬን ነው ያገኘሁት፣ ይታወቅልኝ።) መኝታ ቤት ስገባ ንጉሡ ይዳከማል፤ መስኮቱ ጋ ዶክተሩ ይሻለዋል። በመጻሕፍቴ መካከል፣ በሻይ ብርጭቆዬ፣ በደረቴም ሳይቀር አልፈው ይሄዳሉ፤ አንዳቸውም ይቅርታ አይሉም። ብርሃኑ ቀላ ሲል፣ ወደ ማታው ግድም፣ ክፍሉ ውሃ የሞላበት ይመስለኛል። እኔ ከታች ተቀምጫለሁ፤ የሰው ስም ከራሴ በላይ እንደ ዓሣ ቀስ እያለ ይዋኛል።

አንዱ ግን አልገባኝም። ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ስሙ ሊኖር የሚገባበት ቦታ ግን ባዶ ነው። አራሚ ባዶ ቦታ ሲያይ እንቅልፍ ያጣል። ደራሲው ረስቶት ነው ወይስ አታሚው ጥሎት? የቀረው ሁሉ ተሟልቷል። ተቆልፏል። ቻናሉ 6 ነው፣ እንደኔው። ሳሎን ስሆን ይርቃል፣ ወጥ ቤት ስገባ ይቀርባል፤ ላፕቶፑን ከሚያጉረመርመው ግድግዳ ጋር ሳስጠጋው የራሴን ራውተር ሊያክል ምንም አይቀረውም። «ስም የለሹ» ብዬዋለሁ። ጠዋት ውሃ ስጥድ እንዴት አደርክ እለዋለሁ፤ ሰማንያ ሰባት ከመቶ ይለኛል። ከብዙ ዘመዶቼ የተሻለ መልስ ነው።

አድራሻውን አስተያይቼ ገልብጬልሻለሁ፦

d4:0b:7e:39:c2:5a

ሌባ ይሆን እንዴ? ራውተሩን ለጊዜው ተይው፣ አትላኪ። ስለዚያኛው ጥያቄሽ እያሰብኩበት ነው።

አጎትሽ


የካቲት 9

ለውድ አጎቴ፤

ጤና ይስጥልኝ። ሳልጽፍ በመቆየቴ አይቀየሙኝ። ደብዳቤዎ በጊዜው ደርሶኛል፤ መልሱን መጻፍ ግን እጄ እምቢ አለኝ።

ሌባ አይደለም። ስም የለሹ ስም አለው፤ ባለቤቱ እንዳይታይ አድርጎ ደብቆት ነው። ራውተር ስሙን አታሰማ ከተባለ ዝም ይላል፤ መኖሩን ግን መደበቅ አይችልም። ተራዋ ምልክት የምታልፈው እሱን ነው፤ ጥቁሩ መስኮት ግን ባዶውን ቦታ ከነአድራሻው ያወጣዋል። ስም ማንም እንዳሻው ይለውጠዋል። አድራሻው ግን ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣው ነው።

ያንን አድራሻ አውቀዋለሁ ጋሼ።

እማዬ ራውተሩን የገዛች ጊዜ በስልክ እየነገርኳት ነበር የተከለችው። «ከሥሩ የተለጠፈውን ወረቀት ፎቶ አንሺልኝ» አልኳት፣ ላከችልኝ። እስከ ዛሬ ስልኬ ውስጥ አለ። ጥግ ላይ አውራ ጣቷ ገብታለች። የርስዎን መስመር ከፎቶው አጠገብ አድርጌ አንድ በአንድ አስተያየሁት፤ አንድም አልተለየም። «ስም ምን ልበለው?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ ያሰኘሽን በይው አልኳት። ምን እንዳለችው ያስታውሳሉ? «ሻይ ቀዝቅዟል»። ሁላችንንም ወደ ጠረጴዛ የምትጠራበትን፣ ውሃው ሳይፈላ እንኳ የምትጮኸውን።

እና ያ ግድግዳ ማቀዝቀዣ አይደለም። ርርር ብሎ የሚያቆም፣ አስቦ የሚቀጥል ነገር እኔ አንድ ብቻ ነው የማውቀው። እሱን እየሰማሁ ነው ያደግሁት። የአባዬ የልብስ ስፌት መኪና ነው።

ምናልባት ራውተሩን ከቤቱ ዕቃ ጋር ሸጦት፣ የገዛው ሌላ ሰው ይሆናል፤ ይህንንም አስቤዋለሁ። ደውዬ ልጠይቀው ስልኩን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩት። እዚያ ከሆነና ከጠየቅሁት ቤት ይቀይራል፤ አባዬን ያውቁታል። ስለዚህ እባክዎን በሌላኛው መንገድ ይዙሩና በሩን ያንኳኩ። በወንበር መጣላታችሁን አውቃለሁ። ሰው እኮ በወንበር ሁለት ዓመት አይኳረፍም።

ኢንተርኔትዎ የሚቆራረጥበትም ምክንያት እሱ ነው። ሁለታችሁም ቻናል 6 ላይ ሆናችሁ፣ ግድግዳ ለግድግዳ፣ አንዳችሁ የሌላውን ተራ ትሻማላችሁ። የርስዎን ወደ 11 ማዞር ይቻላል፤ ከፈለጉ እንዴት እንደሆነ እነግርዎታለሁ።

ለምንዬ


መጋቢት 4

ለዓይኔ ብርሃን፣ ለለምንዬ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። የአውራ ጣቷን ነገር ካነበብኩ በኋላ ደብዳቤሽን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፣ አወጣሁት፣ መልሼ ከተትኩት። ዕለቱ እንዲህ አለቀ።

የወንበሩን ነገር ሰው በትክክል አያውቀውም። እኔም እሱም ፈልገነው የተጣላን ይመስላቸዋል። ቤቱ የተለቀቀ ቀን የእናትሽ ወንበር በር ላይ ቀረ። እኔ «አንተ ውሰደው፣ ባሏ ነህ» አልኩት። እሱ «የለም፣ አንተ ውሰደው፣ ወንድሟ ነህ» አለኝ። ምን በወጣኝ፣ አንተ ነህ። ሞቼ ነው፣ አንተ ነህ። እኔ ካንተ አልበልጥም፤ እኔስ ካንተ እበልጣለሁ? ድምፃችን ከፍ እያለ ሄደ፤ በመጨረሻ በየፊናችን ጥለነው ሄድን። ስንመለስ ወንበሩ የለም፤ ያለፈ ሰው አንሥቶታል። ያ ሰው በሕይወቱ እንዲህ ያለ በጨዋነት የተሞላ ስጦታ የደረሰው አይመስለኝም። እኛ ግን ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም።

በሌላኛው መንገድ ዞርኩ። ከአዲሱ ሕንፃ ሥር አንድ ጠባብ ክፍል አለች፣ መስታወቷ ላይ የተተኮሰ ሱሪ ተሰቅሏል። መስታወቱ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ውስጡ ከሐይቅ በታች ያለ ነገር ይመስላል። እሱ ነው። ጎንበስ ብሎ፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ፣ ከንፈሩ በመርፌ ተሞልቶ። ራውተሩ ከጨርቁ መደርደሪያ ላይ አረንጓዴ መብራቱን ያርገበግባል፤ የመደርደሪያው ጀርባ ከወጥ ቤቴ ግድግዳ ጋር ተጣብቋል። ስንት ጠዋት ይሆን እዚያ ወዲያና እዚህ ወዲህ ሆነን ውሃ የጣድነው?

እጄን አነሣሁ። ላንኳኳ ነበር። ምን ልለው ነው? ዕድሜዬን ሙሉ ገጽ በቀይ የሞላሁ ሰው፣ የመጀመሪያዋ ቃል ጠፋችኝ። እጄ እንደተነሣ ጸጉሬን አከክሁበትና ተመለስኩ።

ቻናሉን ወደ 11 አላዞርም። ይሻማኝ፣ ተለማምጄዋለሁ።

ነገር ግን አንድ ሥራ ሠርቻለሁ። ባለ አራት ቀንዱ ጎረቤቴ የራውተሬ ስም የሚቀየርበትን ገጽ ከፈተልኝ፣ ከዚያ ዞር በል አልኩት። አንቺ አባትሽ ስሙን ደበቀው አልሽ። እኔ ደግሞ ጮክ ብዬ ልጠራው። ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ የኔ ዋይፋይ ስም «ሻይ ቀዝቅዟል» ነው። ስልኩን ሲከፍት ያየዋል። ያኔ ከግድግዳው ወዲህ ማን እንዳለ ይገባዋል። በዘመኔ ካሳተምኳቸው ሁሉ አጭሩ ሥራዬ ነው፤ አንባቢውም አንድ ነው።

አጎትሽ


መጋቢት 25

ጋሼ!

እንደምን ሰነበቱ፣ ደህና ነዎት፣ እኔ ደህና ነኝ፤ ምንድነው የሠሩት?!

ይህ ደብዳቤ እንደደረሰዎት ስሙን ይመልሱት። ሁለት ራውተር አንድ ዓይነት ስም ይዞ የይለፍ ቃሉ ከተለያየ፣ የአባዬ ስልክ የርስዎን እንደ ራሱ ቤት ቆጥሮ ልግባ ይለዋል። አይከፍትለትም፤ ደግሞ ልግባ ይላል። ቀኑን ሙሉ! እሱ ሰላምታዎን አያይም፤ የሚያየው የተበላሸ ኢንተርኔት ብቻ ነው። ቢናደድስ? ተነሥቶ ቢሄድስ? ያኔ አድራሻውንም ይዞት ነው የሚሄደው፣ እኔም በየት በኩል አገኘዋለሁ?

የፈቃዱ ቀን እየደረሰብኝ ነው። ትኬት አልቆረጥኩም።

ለምንዬ


ሚያዝያ 6

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፤

ሰላምታዬ እንደተለመደው ነው፤ ዛሬ ግን አሳጥረዋለሁ፣ ወረቀቱን ለሌላ ሰው ማካፈል አለብኝ።

ቁጣሽ የደረሰኝ ጥፋቱ ከተፈጸመ በኋላ ነው። ያልሽው ሁሉ ልክ ነው፣ አንዱም አልቀረ።

ከምሳ በኋላ ጋደም ብያለሁ፤ ባቡሩ ላይ ነኝ። ግድግዳው ርርር ሲል ቆየና ጸጥ አለ። ጸጥታው ነው የቀሰቀሰኝ። ትንሽ ቆይቶ በሬ ተንኳኳ። የቤት ኪራይ ሰብሳቢ እንኳ እንዲህ አድርጎ አያንኳኳም። ከፈትኩ። ሜትሩ አንገቱ ላይ ነው፤ ስልኩን ወደ ፊቴ ዘርግቶታል። ሰላምታ የለም።

«ይሄ ስም ያንተ ነው?» አለኝ።

«ምን ሆነ?»

«የኔ ነዋ!»

«ያንተማ ስም የለውም። በኮምፒውተር አይቼዋለሁ።»

«ደብቄው ነው።»

«ከማን?»

ስልኩን አየ፣ መሬቱን አየ። «ከራሴ» አለ። «ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር እየጠራችኝ... ስሙን ደበቅሁት። ዕቃውን መጣል ግን አቃተኝ።» ከዚያ ቁጣው ትዝ አለው። «አሁን ይሄ ስልክ ሥራ አስፈታኝ እኮ! ስንት ቀኑ ነው፣ ያንተን በር ነው ሲያንኳኳ የሚውለው።»

«ከባለቤቱ ይሻላል» አልኩት።

ሊስቅ ነው ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቀም፤ ግን አልሄደም። ግባ አልኩት፣ ገባ። ችግሩ የመጣው ያኔ ነው፤ እንደምታውቂው ቤቴ ያለው ወንበር አንድ ነው፣ የቀረው መጽሐፍ ነው።

«ተቀመጥ» አልኩት።

«የለም፣ አንተ ተቀመጥ፣ ጉልበትህን ያምሃል።»

«እንግዳ ቆሞ እኔ እቀመጣለሁ? አንተ ተቀመጥ።»

«ሞቼ ነው፣ አንተ...»

ሳይጨርሰው አቋረጠ። ተያየን። ያኔ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ሄደና ሁለታችንም ፊታችንን ወደ መስኮቱ አዞርን። በመጨረሻ እሱ ሁለት መዝገበ ቃላት ደራርቦ ተቀመጠ፣ እኔም እንደዚያው። ወንበሩ መካከላችን ባዶውን ቀረ። ሻዩን እሱ ላይ አስቀመጥነው።

ለምን እዚያ ቤት ተከራየህ አልኩት። «ድምፅዋን የሚያስታውስ ካንተ ሌላ ሰው አላውቅም» አለኝ። «ቀርቤ ልቀመጥ ብዬ ነው። በዚህኛው በር መምጣቱ ግን ከበደኝ።» ለልጅህስ ለምን አልነገርካትም ስለው፣ «አድራሻውን ስነግራት የአጎቴ ግድግዳ ነው ብላ ትነግርሃለቻ» አለ። መዝገበ ቃላት ላይ ለተቀመጠ ሰው የማይናቅ ማብራሪያ ነው።

ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ አሳየሁት፤ ንጉሡን፣ ዶክተሩን፣ ያለ ጓደኛ የቀረውን «እና» ሳይቀር። ከታች ባዶውን ቦታ ሳሳየው ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ። «ይሄ እኔ ነኝ?» አለ። ነህ አልኩት። ብድግ ብሎ ወጣ። ዞሮ ቤቱ እስኪደርስ ጊዜ ወሰደበት፤ ተቀምጬ ቀስቷን እየተጫንኩ መስመሩን ደጋግሜ ጠራሁት። ባዶ። ባዶ። ባዶ። ከዚያ ቦታው ሞላ። ስሙ ተመልሶ መጣ፣ ልክ በኔው ሥር። አባትሽም ሲመለስ የይለፍ ቃሉን ጨርቅ መቁረጫ ወረቀት ላይ ጽፎ ይዞልኝ መጣ፣ የኔንም አንድ አድርገው አለኝ። አደረግሁት። አሁን የሱም ስልክ የኔም ላፕቶፕ በሁለቱም ቤት ይገባሉ፣ ማንንም አያስፈቅዱም። ቻናሉን ወደ 11 የሚያዞረው ሰው ግን እስካሁን የለም፤ እሱን ሥራ ላንቺ አቆይተነዋል።

ስለ አባትሽ የጠየቅሽኝን በተመለከተ፣ ወረቀቱ አላለቀም። እሱው እዚህ አጠገቤ ተቀምጦ እስክሪብቶህን ስጠኝ ይለኛል። የጻፈውን አላረምኩትም።

አጎትሽ

ልጄ አባትሽ ነኝ። ትኬቱን ቁረጪ። በመጣሽበት መንገድ ያገኘሽውን በር አንኳኪ ሁለቱም ያንቺ ነው። ቶሎ ነይ ሻይ ቀዝቅዟል።